ኢንሱሊን ሲያንኳኳ ሕዋሱ ለምን አይከፍትም?

በዚህ ወር የጤናና የምግብ ዓምዳችን የምናነሳው ስለ ስኳር በሽታ ነው። እንደተለመደው ግን «ይህን ብሉ፣ ያንን ተዉ» በሚል ምክር አንጀምርም። ምክሩ በስተመጨረሻ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት ግን የምክሩ ምክንያት ሊገባን ይገባል። ምክንያቱ ያልገባው ሰው ምክሩን ቢበዛ ለአንድ ሳምንት ይጠብቃል፤ የገባው ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል።

ስለ ስኳር በሽታ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማቸው ሦስት አባባሎች አሉ። አንዱ «እኔ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው፤ ታዲያ ይህ ስኳር ከየት መጣ?» ይላል። ሌላው «ኢንሱሊን መወጋት ከጀመሩ ወዲያ ነገር አበቃ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ምንም አያመኝም፤ ኪኒኑን ትቼዋለሁ» ይላል። እነዚህ ንግግሮች የተለያዩ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው። እርሱም በሽታው በሰውነታችን ውስጥ የት ቦታ ላይ እንደሚፈጠር አለማወቅ ነው። በደም ውስጥ ስኳር መብዛቱ የነገሩ ውጤት ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን በሕዋሶቻችን ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደዚያ ደጃፍ አብረን እንሂድ።

ሕዋስ እንደ ግቢ፣ ሽፋኑ እንደ አጥር

ሰውነታችን የተገነባው በዓይን ከማይታዩ እጅግ በርካታ ሕዋሶች ነው። እያንዳንዱን ሕዋስ በአጥር እንደተከበበ ግቢ አድርገው ያስቡት። አጥሩ የሕዋሱ ሽፋን ሲሆን በዋነኛነት የተሠራው ከሁለት የቅባት ንጣፎች ነው። ቅባትና ውሃ እንደማይዋሐዱ ሾርባ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ ሁላችንም አይተናል። በዚህም ምክንያት በውሃ ውስጥ የሚሟሙ ነገሮች አጥሩን ዘለው ሊገቡ አይችሉም። ግሉኮስ የሚባለው የደም ስኳርም እንዲሁ ነው፤ ለእርሱ የተዘጋጀ በር ያስፈልገዋል።

ኢንሱሊንም በዚህ አጥር አያልፍም። ኢንሱሊን ከጨጓራ ጀርባ ከሚገኘው ቆሽት የሚመነጭ፣ ከ51 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ምግብ በልተን የደም ስኳር ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊንን ወደ ደም ይለቃል። ኢንሱሊኑም በደም ተጉዞ ወደ ጉበት፣ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሶች ይደርሳል። ብዙ ሰው ኢንሱሊን ስኳሩን ተሸክሞ ወደ ሕዋሱ የሚገባ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ኢንሱሊን መልእክተኛ ነው። በር ላይ ቆሞ ደወል ይደውላል፤ ሥራውን የሚሠሩት በውስጥ ያሉት ናቸው።

ደወሉ ምንድን ነው?

ይህ ደወል በሕክምና ቋንቋ «ሪሴፕተር» ይባላል፤ እኛ «ተቀባይ» እንበለው። ተቀባይ ማለት በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተሰክቶ የሚኖር ፕሮቲን ነው። አንዱ ወገኑ ከአጥሩ ውጭ፣ ሌላው ወገኑ ከአጥሩ ውስጥ ነው። የውጪው ወገን ልዩ ቅርጽ ስላለው ከራሱ መልእክተኛ ጋር እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ይገጣጠማል። በደማችን ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት ሆርሞኖች ይጓዛሉ። አንድ ሕዋስ ግን የሚሰማው ተቀባይ ያለውን ሆርሞን ብቻ ነው። ተቀባይ ከሌለው ሆርሞኑ በደጁ መቶ ጊዜ ቢያልፍም አይሰማውም።

ደወሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ራሳቸው በር ናቸው፤ መልእክተኛው ሲነካቸው ወዲያው ይከፈታሉ። ነርቭ ጡንቻን «ተንቀሳቀስ» ብሎ የሚያዘው በዚህ መንገድ ነው። ሌሎቹ ከውስጥ በኩል «ጂ ፕሮቲን» የሚባል ተላላኪ አላቸው፤ የአድሬናሊን ተቀባይ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሦስተኞቹ ደግሞ ውስጣዊ ወገናቸው ራሱ ሠራተኛ ነው፤ ሲደወልላቸው በቀጥታ ሥራ ይጀምራሉ። የኢንሱሊን ተቀባይ ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ይመደባል።

ተመራማሪዎች ኢንሱሊን በሕዋስ ሽፋን ላይ የራሱ ተቀባይ እንዳለው ለክተው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር። ይህ እንግዲህ ኢንሱሊን በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ከተገኘ ከ50 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ተቀባዩ በውስጥ በኩል ራሱ ሥራ የሚጀምር ኢንዛይም መሆኑ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። የሰው ልጅ መልእክተኛውን ካወቀ በኋላ ደወሉን እስኪያውቅ ይህን ያህል ዘመን ፈጅቶበታል።

ከደወሉ እስከ በሩ

አንድ እንግዳ የግቢያችሁን ደወል ደወለ እንበል። ደወሉን የሰማችው ትንሿ ልጅ ሮጣ ለእናቷ ትነግራለች። እናትየው አንዱን ምንጣፍ እንዲያነጥፍ፣ አንዷን ጀበና እንድትጥድ፣ ሌላውን በሩን እንዲከፍት ታዛለች። እንግዳው የነካው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ብዙ ሥራ ተንቀሳቀሰ። በሕዋስ ውስጥ የሚሆነውም ይህንኑ ይመስላል።

ኢንሱሊን ከተቀባዩ ውጪያዊ ወገን ጋር ሲገጣጠም ተቀባዩ ቅርጹን ይለውጣል። ይህ የቅርጽ ለውጥ ሽፋኑን ተሻግሮ ወደ ውስጠኛው ወገን ይደርሳል። እዚያ ያሉት ሁለት ክፍሎች ተቀራርበው አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካዊ ምልክት ይለጥፋሉ። ፎስፌትን እንደ ማኅተም ይቁጠሩት፤ አንድ ፕሮቲን በትክክለኛው ቦታ ላይ ሲታተምበት «ሥራ ጀምር» የሚል ትእዛዝ ይሆንለታል።

ማኅተሙ የተመታበት ተቀባይ በአጠገቡ ያለውን ሌላ ፕሮቲን ያትማል። ይህ ፕሮቲን «አይ አር ኤስ» ይባላል፤ በምሳሌያችን ደወሉን ሰምታ የሮጠችው ልጅ እርሱ ነው። እርሱም «ፒ አይ 3 ኪናዝ» የሚባለውን ኢንዛይም ይጠራል። ይህ ኢንዛይም በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን አንድ የቅባት ዓይነት ምልክት ያደርግበታል። በዚያ ምልክት ተስቦ «ኤኬቲ» የሚባለው ፕሮቲን ይመጣና ይነቃል። ኤኬቲ በምሳሌያችን እናትየውን ይመስላል፤ ብዙ ትእዛዝ የሚወጣው ከእርሱ ነው። ስሞቹን መያዝ አያስፈልግም። መያዝ ያለበት መልእክቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መሄዱና በየደረጃው ሊበዛም ሊቋረጥም መቻሉ ነው።

በጡንቻና በስብ ሕዋሶች ውስጥ «ግሉት 4» የሚባሉ የግሉኮስ በሮች አሉ። እነዚህ በሮች ሁልጊዜ አጥሩ ላይ ተተክለው አይኖሩም። አብዛኞቹ በጥቃቅን ከረጢቶች ተጠቅልለው በሕዋሱ ውስጥ ይቀመጣሉ። የኤኬቲ ትእዛዝ ሲደርስ ከረጢቶቹ ወደ አጥሩ ተንቀሳቅሰው ከሽፋኑ ጋር ይቀላቀላሉ፤ በሮቹም ወደ ደጅ ይወጣሉ። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ግሉኮሱ ከደም ወደ ጡንቻው ይገባል።

በጉበት ውስጥ ደግሞ የኢንሱሊን ጥሪ ሌላ ትርጉም አለው። ጉበት ግሉኮስ ለማስገባት በኢንሱሊን የሚወጣ በር አያስፈልገውም። ለእርሱ የሚደርሰው ትእዛዝ «ስኳር መሥራቱን አቁም፣ ያለውን አከማች» የሚል ነው። የስብ ሕዋስም «ስብ ወደ ደም መልቀቅህን ተው» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። መልእክተኛው አንድ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ቤት እንደ ውስጡ አደረጃጀት የተለያየ ሥራ ይሠራል።

በመጨረሻም ደወሉ ዝም ማለት አለበት። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ግማሹ ይወገዳል። በሕዋሱ ውስጥም ማኅተሞቹን የሚፍቁ ሌሎች ኢንዛይሞች አሉ። በሮቹም ወደ ከረጢታቸው ይመለሳሉ። ያለማቋረጥ የሚጮህ ደወል ግን ሌላ መዘዝ ያመጣል፤ ሕዋሱ የተወሰኑትን ተቀባዮች ከአጥሩ ላይ ነቅሎ ወደ ውስጥ ይከታቸዋል። ይህን ነጥብ ያስታውሱ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በጾም ሰዓት የሚመጣው ሌላው መልእክተኛ

ሱሑር ከተበላ ሰዓታት ሲያልፉ የደም ስኳር ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ቆሽትም የኢንሱሊንን መጠን ቀንሶ «ግሉካጎን» የሚባለውን ሌላ ሆርሞን በብዛት ይለቃል። ግሉካጎን የጉበትን ሌላ ደወል ይደውላል። ይህ ደወል ቀደም ሲል ከጠቀስነው ጂ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው። ጂ ፕሮቲኑ በውስጥ «ሳይክሊክ ኤኤምፒ» የሚባል ትንሽ ሞለኪውል እንዲመረት ያደርጋል። በዚህም ጉበት ያከማቸውን ስኳር ፈትቶ ለደም ይሰጣል። አንጎልና ቀይ የደም ሕዋሶች ቀኑን ሙሉ ግሉኮስ የሚያገኙት በዚህ ነው። ሳይክሊክ ኤኤምፒን ያገኘው አሜሪካዊው ኧርል ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

እንግዲህ ጤነኛ ሰው ሲጾም ሁለቱ መልእክተኞች እየተፈራረቁ ሚዛኑን ይጠብቃሉ። ሲበላ ኢንሱሊን «አከማቹ» ይላል፤ ሲጾም ግሉካጎን «አውጡ» ይላል። ስኳር በሽታ ማለት የዚህ ሚዛን መዛባት ነው።

በሽታው የት ላይ ነው?

በአንደኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ደወሉም ቤተሰቡም ደህና ናቸው። የጠፋው እንግዳው ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሶች ያጠፋቸዋል። በዚህም ኢንሱሊን አይኖርም፤ ወይም እጅግ ጥቂት ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይታያል። ለዚህ ሕመምተኛ ኢንሱሊን እንደ ምግብና ውሃ ነው፤ ለአጭር ጊዜም ቢሆን መቋረጥ የለበትም።

በሁለተኛው ዓይነት ግን፣ ይህም እጅግ የተስፋፋው ነው፣ እንግዳው አለ። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ከወትሮው በዝቶ ይመጣል። ደወሉ ይደወላል፤ የውስጥ ሰዎች ግን እንደ ቀድሞው አይሰሙም። ይህ «ኢንሱሊን ሬዚስታንስ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የደወሉ መሰበር አይደለም። መልእክቱ የሚቋረጠው ከደወሉ አልፎ ገና ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው እጅ ላይ ሳለ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ዋነኛው በጡንቻና በጉበት ውስጥ ያለ ቦታው የተከማቸ ስብ ነው። ከምንጠቀምበት በላይ በልተን የስብ ሕዋሶች ሲሞሉ ትርፉ ወደማይገባው ቦታ ይፈሳል። ይህ ስብ በሕዋሱ ውስጥ ሌሎች ኢንዛይሞችን ያነሣሣል። እነርሱም አይ አር ኤስ በሚባለው ፕሮቲን ላይ ማኅተሙን በተሳሳተ ቦታ ይመቱበታል። በተሳሳተ ቦታ የታተመ ደብዳቤ ተቀባይነት እንደማያገኝ ሁሉ መልእክቱም እዚያው ይቀራል። በሆድ አካባቢ ካለ ስብ የሚነሣ ቀስተኛ ብግነትም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። በቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌም ድርሻ አለው።

ቆሽት መልስ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ደጋግሞ ይደውላል፤ ኢንሱሊኑን እየጨመረ ይልካል። በዚህ ጊዜ የደም ስኳር ለዓመታት ልክ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቀደም ብለን እንዳልነው ያለማቋረጥ የሚደወል ደወል ከአጥሩ ላይ ይነቀላል፤ ስለዚህ ችግሩ ይበልጥ ይብሳል። በስተመጨረሻ ቆሽቱ ይደክማል። የስኳሩ መጠን ከፍ ብሎ በምርመራ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በፊት ሊታይ የሚችል አንድ ምልክት አለ። በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም ከመጠን በላይ በወፈሩ ልጆችና ወጣቶች፣ በማጅራትና በብብት ላይ ቆዳው ይጠቁራል፤ ወፈር ብሎም እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። ብዙ እናቶች እድፍ መስሏቸው በሳሙና ደጋግመው ይፈትጉታል። እድፍ አይደለም። በደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን በቆዳ ሕዋሶች ላይ ያለውን፣ የእርሱን ተቀባይ የሚመስለውን የሌላ ሆርሞን ደወል እየነካ ቆዳው እንዲባዛ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ልጁን አይቆጡት፤ ለምርመራ ይውሰዱት።

አሁን ወደ ሦስቱ አባባሎች እንመለስ

«ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው፤ ስኳሩ ከየት መጣ?» ላለው ወንድማችን መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ማካሮኒ ሆድ ውስጥ ሲፈጩ ግሉኮስ ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ ጉበቱ «አቁም» የሚለውን የኢንሱሊን ጥሪ ስለማይሰማ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። ምንም ሳይበላ አድሮ ጠዋት ሲለካ ስኳሩ ከፍ ብሎ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው የታወቀ ኪኒን በዋነኛነት የሚሠራው ይህን የጉበት ሥራ በመቀነስ ነው።

«ኢንሱሊን ከጀመሩ ነገር አበቃ» ለሚሉት ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በቶሮንቶ ሆስፒታል ሞቱን ሲጠባበቅ ሳለ የመጀመሪያው የኢንሱሊን መርፌ ተሰጠው። የመጀመሪያው ሙከራ ብዙም አልረዳውም፤ ከቀናት በኋላ የተሻለ የተጣራው ሲሰጠው ግን አገገመ፤ ከዚያም በኋላ ዓመታት ኖረ። ኢንሱሊን ቆሽት ሊልከው ያልቻለውን መልእክተኛ ከውጭ መላክ ነው እንጂ ቅጣትም የመጨረሻ ምዕራፍም አይደለም። በመርፌ የሚሰጠውም ፕሮቲን በመሆኑ ነው፤ ቢዋጥ ሆድ እንደ ሥጋና እንደ እንቁላል ፈጭቶ ያጠፋዋል። በጊዜው ሳይጀመር ቀርቶ የተጎዳ ሰው ሲታይ ጉዳቱ በኢንሱሊኑ ይሳበባል፤ ጥፋቱ ግን የመዘግየቱ ነው።

«ምንም አያመኝም» ላለው ሦስተኛ ወንድማችን ደግሞ አለማመሙ ማስረጃ አይሆነውም። ከፍ ያለ ስኳር የዓይንን፣ የኩላሊትንና የእግር ነርቭን ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚጎዳው ያለ ሕመም ነው። ሳይበሉ አድረው በሚደረግ ምርመራ ውጤቱ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው አለ ማለት ነው፤ ያመመንም ያላመመንም ብንሆን።

ሌላኛው በር

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ኢንሱሊን ደወል ነው። አሁን የምሥራቹን እንንገርዎ። ጡንቻ ግሉት 4 የሚባሉትን በሮች ያለ ኢንሱሊንም ሊያወጣ ይችላል። ጡንቻው ሲኮማተርና ሲዘረጋ ጉልበቱ መቀነሱን የሚያውቁ የራሱ ፕሮቲኖች ይነቃሉ። እነርሱም በሌላ መንገድ ሄደው በሮቹን ወደ አጥሩ ይልኳቸዋል። ያ የተቋረጠው መንገድ ቢዘጋም ይህኛው በስኳር ሕመምተኛ ጡንቻ ውስጥም ክፍት ነው። ከእንቅስቃሴ በኋላም ጡንቻው ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለአንድና ለሁለት ቀን የኢንሱሊንን ጥሪ በተሻለ ይሰማል።

ስለዚህ ከእራት በኋላ የሚደረግ የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ተራ ምክር አይደለም፤ በር መክፈቻ ነው። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ ጉዞ ይመከራል። ወደ መስጂድም ሆነ ወደ ገበያ በእግር መሄድ ከዚህ ይቆጠራል። ውጤቱ በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚቀንስ ሁለት ቀን ተከታትሎ ያለ እንቅስቃሴ ማሳለፍ አይመከርም።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነ አንድ ታላቅ ጥናት በሽታው ሊይዛቸው የተቃረቡ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ምግባቸውን አስተካክለውና በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቅሰው ክብደታቸውን 7 በመቶ ያህል ለመቀነስ የጣሩት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ሜትፎርሚን ብቻ የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ ቀንሶላቸዋል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ከ6 ኪሎ በታች ነው። በጉበትና በጡንቻ ያለ ቦታው የተከማቸው ስብ ሲቀንስ ማኅተሙ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመለሳል፤ መልእክቱም ያልፋል።

በምግብ በኩልም ደወሉን ያለማቋረጥ ከሚያስጮኹት ነገሮች መራቅ ነው። ከሁሉ የከፋው የሚጠጣ ስኳር ነው። ለስላሳ መጠጦችና ስኳር የተጨመረባቸው ጭማቂዎች በደቂቃዎች ውስጥ የደም ስኳርን ያወጡታል። እንጀራውን መጠነኛ አድርጎ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ባቄላውንና ጎመኑን ማብዛት ይበጃል። በኢፍጧር ሰዓትም አንድ ወይም ሁለት ቴምር በቂ ነው። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ በየቀኑ ደርዘን ሙሉ ከተበላ ግን የጾሙን የጤና ጥቅም ይዞት ይሄዳል።

ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽና ሽፈራውን በተመለከተ ብዙ ጥያቄ ይነሣል። ለምግብነት በመጠኑ መጠቀሙ አይከለከልም። ነገር ግን በሐኪም የታዘዘን ኪኒን ወይም ኢንሱሊን አቋርጦ በእነርሱ መተካት ሕይወት የሚያሳጣ ስህተት ነው። የሚወስዱትንም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ረመዷንና የስኳር ሕመምተኛ

የስኳር ሕመምተኛ ሆነው መጾም ከፈለጉ ውሳኔውን ብቻዎን አይወስኑ። ረመዷን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድመው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መለወጥ ሊያስፈልገው ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው አልፎ አልፎ ነው። ግሊቤንክላማይድን የመሳሰሉ ኪኒኖችና ኢንሱሊን ግን ምግብ በሌለበት ሰዓት ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርዱት ይችላሉ። የአንደኛው ዓይነት ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ ሕመምተኞች፣ ኩላሊታቸው የተጎዳና በቅርቡ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች ከፍተኛ አደጋ ላይ ናቸው።

በጾም ላይ እያሉ ስኳርዎን ይለኩ። በጣት ጫፍ የሚወሰደው የደም ጠብታ በብዙ ዑለሞች ዘንድ ጾም አያበላሽም። ውጤቱ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ በሕክምና መመሪያ መሠረት ጾሙን ወዲያው መፍታት ይገባል። ማግሪብ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም እንኳ አይጠብቁ። ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድ በሃይማኖታችን የታወቀ ነውና ፈቃዱን መጠቀም የኢማን ድክመት ተደርጎ መታየት የለበትም። ስለ ቀዷውና ስለ ፊድያው አካባቢዎ ያሉትን ዑለማ ይጠይቁ።

ስኳር ሲወርድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ረሃብ ይበረታል። መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ የሚመጣው አድሬናሊን የራሱን ደወሎች ስለሚደውል ነው፤ የሰውነት የማስጠንቀቂያ ጩኸት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶች እነዚህን የአድሬናሊን ደወሎች ይሸፍኗቸዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ላይሰሙት ይችላሉ። ላቡ ግን አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ስኳሩን ደጋግሞ ይለካ፤ ቤተሰቡም ላብ ሲያዩበትና ንግግሩ ሲዛባ ይጠርጥሩ።

ሕመምተኛው መዋጥ የሚችል ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳሩን ለክተው ካልተሻሻለ ይድገሙለት። ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር በአፉ አያድርጉ፤ በጎኑ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ሕክምና ያድርሱት።

ውድ አንባቢያን፣ ኢንሱሊን በር ላይ ሲያንኳኳ ሕዋሱ ያልከፈተው ከልግመት አይደለም፤ በውስጥ ያለው መንገድ ተዘግቶበት ነው። መንገዱን ለማጽዳት የእግር ጉዞው፣ የምግቡ ልክና መድኃኒቱ ሦስቱም በየፊናቸው ይሠራሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። በቤትዎ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው፣ ክብደት የጨመረ ወይም ወላጁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ በዚህ ወር ሳያልፍ ያስመርምሩት። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ ኢንሻአላህ እንገናኛለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።